ከጢሙ ሥር

የሰው ፊት አጋንነው የሚስሉ የካሪካቸር ሠዓሊዎች ጉባኤ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሊቀመንበሩ ሞተው ተገኙ። ከአዳራሹ ዋና ግድግዳ ሥር ተዘርረዋል፤ ማጅራታቸውን የመታቸው የነሐስ ዋንጫ አጠገባቸው ወድቋል። ያገኛቸው ጥበቃ ፊታቸውን በጠረጴዛ ልብስ ሸፍኖ ፖሊስ ጠራ።

የመጣችው መርማሪ ቁጥብ ሴት ነበረች። ልብሱን ገልጣ አየች፤ መታጠቢያ ቤቱን ፈተሸች፤ ከዚያ ጥበቃውን «ያየኸውን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው። ሬሳውንም ሌላ ሰው ሳያየው አስወሰደች።

የአዳራሹ ቁልፍ የነበራቸው ሥዕል የሚሰቅሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ ሁሉ «ጋሽ ቀለም» የሚሏቸው ሽማግሌ ገቡ።

«ትናንት ከራት በኋላ ነው የተለያየነው። ዛሬ ዓይኑን አላየሁም» አሉ።

«የተጣላቸው ሰው ነበር?»

እንባቸውን ጠረጉ። «ልጁን እንደ ልጄ ነው ያሳደግኳት። ግን እውነት አይደበቅም። ትናንት ክፉኛ ተጣሉ። ‹ሁለተኛ እንዳላይህ› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቀጥሎ የጋዜጣ ካርቱኒስቱ ገባ። «ጠላቱ እኔ ነኝ፤ ፍለጋ አትድከሚ» አለ እየተቀመጠ። «ሃያ ዓመት ተሰዳድበናል፤ ያውም ተስማምተን። እዚህ ጉባኤ ሁሉም የሌላውን ሥዕል እያየ ‹ድንቅ ነው› ይላል። እውነቱን የምንነጋገር እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ለጋሽ ቀለም ሲሆን ግን እሱም ይዋሽ ነበር።»

መጨረሻ የገባችው ልጃቸው ናት። እሷም ሠዓሊ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጢሙ። እዚህ ግድግዳ ላይ ጓደኞቹ እሱን የሳሉበት አርባ ሥዕል አለ፤ አርባውም ጢም ነው። ‹ፊትህን ማንም አያውቀውም፣ እኔም ልጅህ አላውቀውም› አልኩት። ተቆጣ፤ እኔም የማይባል ተናገርኩ። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። ጋሽ ቀለም ባይኖር አብድ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እንባዬን የሚጠርገው እሱ ነው።»

በጉባኤው ወግ የጎደለ አባል ፊት በጓደኞቹ እጅ ተስሎ ይሰቀላል። መርማሪዋ ለሦስቱም ወረቀት ሰጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥዕሎቹ ዋናው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ሁሉም ተሰበሰበ።

«ሦስታችሁም ጢም ስላችኋል» አለች። «ሟቹ ግን ጢም የላቸውም። ዛሬ ጠዋት እዚሁ መታጠቢያ ቤት ተላጭተዋል፤ ጸጉሩ ገና እርጥብ ነው።»

ልጅቷ አፏን ያዘች። «ሰምቶኝ ነበር?»

«ሰምተውሻል።» መርማሪዋ የጋሽ ቀለምን ሥዕል አውርዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። «ሲላጩ አገጫቸውን በስተግራ ምላጭ ቆርጧቸዋል። እርስዎ ጢሙን በቀለም ደርበውበታል። ከሥሩ ግን መጀመሪያ በእርሳስ የሳሉት ባዶ አገጭ አለ። በላጲስ አጥፍተውታል፤ እርሳሱ ወረቀቱን የጫረበት ግን አልጠፋም። በስተግራ ቁስሏም አለች። ትናንት ማታ ይህ ቁስል አልነበረም።»

«የኛ ሙያ ሰው እጅ እንከን ካየ መች ያልፋል!» አለ ካርቱኒስቱ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እኔም ተራኪው ከዚህ ወዲያ አንቱታዬን አንስቻለሁ።

«ተላጭቶ መጣና ሥዕሌ ፊት ቆመ» አለ። «‹ሠላሳ ዓመት ድንቅ ነው ያልኩህ ላለማስቀየም ነው፤ የሳልከው ጢሜን ብቻ ነው። በየዓመቱ ያንተ ሥዕል የሚሰቀልበት ዋናው ግድግዳ ዘንድሮ ለልጄ ይሁን› አለኝ። ሠላሳ ዓመት አታለለኝ! ዋንጫው እጄ ላይ ነበር…»

«እኔስ ምን አደረግኩህ?» አለች ልጅቷ። «እኔ ላይ የመሰከርከውስ?»

ሽማግሌው እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ደበቀ።

«ጠዋት እንባዬን ስትጠርግልኝ እጅህን ታጥበህ ነበር?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ሥዕሉን ከመርማሪዋ እጅ ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ አይታው የማታውቀውን የአባቷን አገጭ በጣቷ ተከተለችው። እስከ ቁስሏ ደረሰች።

«ጋሼ» አለች ሳታየው፣ «አባቴ ይህን ቢያይ ድንቅ ነው ይልህ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ።»