የአባ መብረቅ ካባ

ካሴቱ አልተጠነጠነም።

አስቻለች ገና ከእህል መኪናው ጎን ቆማ ስትቀበለው አየችው። ክሩ በሙሉ በግራው መዘውር ላይ መሆን ነበረበት። እኩሌታው በቀኙ ነው።

«የመጨረሻው ምዕራፍ ነው» አላት ካሴቱን ያመጣው ንጉሡ። «ሕዝቡ ጓጉቷል።»

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደጎሎ ላይ ዝናብ ያዘን።»

ምልክቱ ነው። የሚያዙት ሰዎች ስም ዝርዝር በካሴቱ ሽፋን ውስጥ አለ ማለት ነው። ንጉሡ ግን ዓይኗን አላየም። ሸሚዙን እስከ መዳፉ ስቦታል፤ ከእጅጌው ሥር የገመድ ሰንበር ቀልቷል።

ለመካነ ሰላም ሰው አስቻለች የአዳራሹ ቪዲዮ ሠራተኛ ናት። ጫካ ላሉት ታጋዮች ግን በምስጢር ስሟ «ጭልፊት» ናት። ከእርሷ በፊት ጭልፊት ይባል የነበረው ንጉሡ ነበር፤ ሥራውን ያስተማራትም እርሱ ነው። የመጀመሪያው ትምህርቱ አጭር ነበር። «ካሴት ሳታጠነጥኚ ለሰው አትስጪ። ያልተጠነጠነ ካሴት ሌላ ሰው አይቶታል።»

በከተማው ያሉት የካሴት ማሽኖች ሁለት ናቸው። አንዱ አዳራሹ ውስጥ ነው።

ሌላው የጸጥታ ሹሙ የሻምበል ተረፈ ቢሮ ውስጥ።

ማሽኑ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። በሽፋኑ ካርቶን ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አገኘች። አምስት ስም፣ ከነአባትና ከነአያት። ሰኞ ንጋት ላይ የሚያዙ ሰዎች። ሻምበሉ ወረቀቱን አይቶ፣ አውቆ ትቶታል። አምስቱ የትም አያመልጡትም፤ የሚፈልገው እርሷ ወደ ማን እንደምትሮጥ ማየት ነው። በመስኮቱ ስታይ፣ ጨው የማይገዛ ሰው ጨው ተራ ቆሟል።

ንጉሡ ሸጧታል።

ካሴቱን ሳታጠነጥን ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ምስሉ ብቅ አለ። ሽማግሌው ጀግና ካባውን አውልቆ ለልጅቱ ሲያለብሳት።

እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። በሻምበሉ ቢሮ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ንጉሡ ራሱ ነው። ከሁለት ሰዓት ፊልም መካከል እዚህ ላይ አቁሞታል። ሳያጠነጥን የሰጣትም እንድታውቅ ነው። ታስሮ ሸጣት፤ ሸጦም ገዢዎቹን ካደ።

ወረቀቱን በላችው። ክሩን አጠነጠነች። ጀነሬተሩን አስነሳች።

አዳራሹ ሞልቷል። የወዳጅ አገር ቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ቋንቋውን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በየገበያው ቀን ከማሽኑ ጎን ቆማ ትተረጉማለች። የሚበረውን ጀግና ሕዝቡ «አባ መብረቅ» ብሎታል፤ ተተኪዋን ልጅ «ሸጋዬ»።

«ክንፍ የሌለው ሰው በምን ይበራል?» አሉ መሪጌታ ወልደሩፋኤል፣ እንደ ሁልጊዜው።

«በሰፊው ሕዝብ ኃይል!» አለ ሻምበል ተረፈ ከፊት ወንበር።

«እንግዲያ እኛ እስካሁን ለምን አልበረርንም?»

አዳራሹ ሳቀ። ሻምበሉም ሳቀ። አዲስ አበቤ ነው፤ መጥቶ ስድስት ወሩ ነው። ሰውን የሚያውቀው በመዝገብ ስሙ ብቻ ነው። እዚህ አገር ግን ሰው በመዝገብ ስሙ አይጠራም።

ትዕይንቱ ደረሰ። ሽማግሌው ካባውን አወለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ከዚያ ሙዚቃ።

አስቻለች ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባ መብረቅ እንዲህ ይላል። ሸጋዬ፣ ሂጂ ንገሪያቸው። ለዳማዋ በቅሎ ጌታ። ከወፍጮው ጀርባ ላለው፣ ለመንቶቹ አባት። ለድጓው መምህር ታናሽ ወንድም።»

ሳቁ ቆመ።

«በሰርጉ ማግስት እግሩን ለተሰበረው። በጺሙ ለሚታወቀው ሸማኔ። ጠላት ይመጣባቸዋል። ነገ ጀምበር ሳትወጣ ገደሉን ይውረዱ በያቸው ይላል።»

ሻምበሉ ዘወር አለ።

«አስቻለች! በነሱ አገር በቅሎ አለ እንዴ?»



«ሕዝባችን እንዲገባው ነው፣ ጓድ ሻምበል። እርስዎም እንደዚያ አድርጊ ብለውኝ ነበር።»

አያት።

«ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቀጥዪ።»

ከኋላ ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። የዳማዋ በቅሎ ጌታ ባሏ ነው።

«ወዴት ነው? ገና አላለቀም» አላት ወታደሩ።

«ምጣዱን ረስቼው ወጥቼ! ቤቴ ይቃጠል?»

አለፈች። በአስቻለች አጠገብ ስታልፍ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ «አብሽሪ» አለች።

ያን ዕለት አስቻለች ወደ ማንም አልሮጠችም። አዳራሹን ጠረገች፤ ካሴቱን አጠነጠነች። ጨው የማይገዛው ሰው በከንቱ ተከተላት። በመስኮቱ ንጉሡን ለሁለት ይዘው ላንድሮቨር ላይ ሲጭኑት አየች። ቀና ብሎ አያት። እጇን ልታነሣለት አልቻለችም። መጥረጊያውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አንድ መቶ ነጭ ነጠላ በአንድ በር ፈሰሰ። ተከታዩ ከመቶው አንዱን፣ የአስቻለችን፣ አጣ። ሰኞ ንጋት ላይ አምስት ቤት ባዶ ተገኘ።

በቀጣዩ ክረምት፣ ከመካነ ሰላም እጅግ ርቆ፣ ማሻ ከተማ፣ አንዲት ሻይ ቤት። ሻይ የምትቀዳው ሴት ስሟ አሁን አስቻለች አይደለም። ሁለት አጋሰስ ነጂዎች እየተከራከሩ ነው።

«አባ መብረቅ ሞቷል ነው የምልህ!»

«ምን ይሞታል! ልጅቱን ልኮ እሱ እዚያው ቀረ እንጂ። አንቺ፣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ የት ሰምቼ» አለች።

ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ሽማግሌው ካባውን ሲያወልቅ በእውነት ያለውን፣ ያኔ ያልተረጎመችውን፣ በዚህ አገር የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት።

«ይከብድሻል። ቢሆንም እኔን ብለሽ እንዳትመለሺ» ነበር ልጅቱን ያላት።

«ስኳር ልጨምር?» አለች።

ማንም ቀና ብሎ አላያትም።