ተጉሊና

«እስቲ ድገሚው» አለች ናማቶቩ። የያዘችው ሮሌክስ፣ በቂጣ የተጠቀለለው እንቁላል፣ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ተጉሊና» አለች ምስጢር። «የወንዙ ስም ነው። ምን ያስቃል?»

ናማቶቩ ትን እስኪላት ሳቀች። ኪዋቱሌ በሚባለው ሰፈር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ምስጢርን የአገሩን ቋንቋ ሉጋንዳን ያስለመደቻት እሷ ናት።

«‹ተጉሊና ሊኛ› እኮ ‹ስም የለውም› ማለት ነው! ጓደኛሽ የጠየቀችው ሰው ስም የለውም ሲላት፣ ግማሹን ይዛ ሄደች።»

ምስጢር በእርሳስ የሠራችውን ካርታ አየችው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷንና ሔሊናን አማርኛ የሚያስተምሯቸው እትዬ ለተጊዮርጊስ ያዘዟቸው ሥራ ነበር፤ ከሰፈሩ ጀርባ የሚነሳውን ትንሽ ወንዝ ሐይቁ እስኪገባ ተከትለው ካርታ እንዲሠሩ። መሳሉ የምስጢር፣ ስሙን ጠይቆ መጻፉ የሔሊና ድርሻ ሆነ። ሔሊና «ሦስት ሽማግሌዎች ጠይቄ ነው» ብላ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ ስሙን ከወንዙ ጎን አሳረፈችው። እትዬ ለተጊዮርጊስ በጣም ወደዱት። በትልቁ ታትሞ በሐበሾች ማኅበር አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው፤ ያውም በሔሊና መሸኛ ቀን። አባቷ አየር መንገድ ነው የሚሠሩት፤ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረዋል።

ምስጢር ካርታውን ጠቅልላ ሔሊና ቤት ሄደች።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ሔሊና፣ የሆነውን ስትሰማ። «ለማንም አልተናገርሽም አይደል?»

«ሦስት ሽማግሌ ያልሽውስ?»

«አንድ መኪና አጣቢ ነው። እሱም ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ተይው በቃ። የሚያየው ሐበሻ ብቻ ነው። ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው እንደነሱ ሙጋንዳ የሆንሽው?»

ምስጢር ክርክር አትችልበትም።

«ስሰማው ደስ አለኛ» አለች ሔሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሔሊና፣ ተጉሊና። ቤት ይመታል። እኔ ስሄድ የሆነ ነገር እዚህ ይቀርልኛል ብዬ ነው።»

ይሄኛው ከባድ ነበር። ምስጢር አማርኛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ በነበረች ጊዜ፣ አጠገቧ መጥታ የተቀመጠችው ሔሊና ናት።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለች ምስጢር። «ወንዙ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ አልደረስኩም። ጭቃ ሲበዛብኝ ተመለስኩና ከስልክ ገለበጥኩት። ነገ ወደ ሐይቁ ወደብ፣ ፖርት ቤል ወርጄ አየዋለሁ። እዚያ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ምናልባት ስም አውጥተውለት ይሆናል።»

«ካላወጡለትስ?»

«ባዶውን ይቀራላ።»

«ለእትዬ ለተጊዮርጊስ ልታሳብቂብኝ ነው?»

«የራሴን ነው የምነግራቸው። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ መያዣው ጋ ነኝ።»

በማግስቱ ሔሊና አልመጣችም። ምስጢር አንድ ታክሲ አሳለፈች፤ ሁለተኛው ላይ ብቻዋን ተሳፈረች።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ፣ ስልኳ ላይ ያየችው ቀጭን ሰማያዊ መስመር የለም። ወንዙ ቄጠማው ውስጥ ይገባና ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ የቱ ወንዝ የቱ ሐይቅ እንደሆነ ሳይለይ ይንጣለላል። ትንንሽ ዓሣ መረብ ላይ የሚያሰጡ ሴት አገኘች። እንደምንም በሉጋንዳዋ ጠየቀቻቸው።

«ድሮ እዚያ ጋ ነበር የሚገባው» አሉ ሴትየዋ ውሃው መሐል ወደቆመ ደረቅ ዛፍ እያመለከቱ። «በዚያ በኮሮናው ዓመት ሐይቁ ሞላና ዳሩን በላው።»

«ስሙስ?»

«የማን? የዚህ?» ሳቁ። «ለመሻገር ‹ማዶ› ካልን ይበቃናል። ማዶ ያለው ደግሞ ‹ማዶ› የሚለው እኛን ነው።»

ምስጢር አመስግና፣ የተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ላይ ተቀመጠችና ካርታውን ዘረጋች። ላጲሷን ስታወጣ የቦዳ ሞተር ድምፅ ሰማች።

«ጫማዬን አይተሽ እንዳትስቂ!» ሔሊና ከሞተሩ ዘላ ስትወርድ ነጭ ስኒከሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። እግሯን ከጭቃው እየነቀለች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«ስም የለውም። ድሮ ይገባ የነበረው ያ ደረቅ ዛፍ ጋ ነው፤ አሁን ሦስት ቦታ ተከፍሏል።»

ሔሊና ውሃውን ብዙ አየችው። ምስጢር ላጲሱን ዘረጋችላት።

«አንቺ አጥፊው። ጽሕፈቱ ያንቺ ነው።»

ሔሊና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች። «ተ» ጠፋ፣ «ጉ» ጠፋ። «ሊ» ላይ እጇ ከበድ አለ፤ እሱም ጠፋ። የቀረው «ና» ብቻ ነበር።

«ና ይላል» አለች ሔሊና። «ማንን ነው የሚጠራው?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሴትየዋ ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩዋቸው። ምስጢር ግን ላጲሱን መልሳ አልወሰደችም። ሔሊና የቀረችውን ፊደል አጥፍታ ፍርፋሪውን በትንፋሿ እፍ አለችው።

«በይ ሳዪ» አለች። «ሦስቱንም መግቢያ። ዛፉ የት ጋ እንደሚሆን እኔ አሳይሻለሁ።»