ጭራ የሌለው ቋጠሮ

በሰንደራ መንግሥት፣ በአፋፊት መንደር፣ ታላቁ ደወል ገደሉ አፋፍ ካለው ምሰሶ ላይ የጠፋው ጉሙ በገባበት ማለዳ ነው። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ተፈትቷል። ተፈትቷል ማለት ደግሞ የፈታው ሰው አለ ማለት ነው። የመንደሩ ሰው ይህን ሲረዳ እርስ በርሱ እጅ እጁን ተያየ።

የአፋፊት ሰው ገመድ ሠሪ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቋጠሮ አለው፤ አባት ለልጁ ያሳየዋል እንጂ ለጎረቤት ሞቶ አያሳይም። የጋራ ነገር ሲታሰር ሁሉም የየራሱን ገመድ አምጥቶ በየራሱ ቋጠሮ ይቀጥላል፤ የቋጠሮውን ጭራ ግን በመስኮቱ አስገብቶ ቤቱ ያስቀረዋል። ለምን ቢሉ፣ ጎረቤት ያጭበረበረ እንደሆነ ጭራውን ስቦ፣ ቋጠሮውን ፈትቶ ገመዱን ለማስመለስ ነዋ! ደወሉም የተሰቀለው እንዲሁ ነበር። አንድ ሰው ጭራውን ስቧል፤ ደወሉም ዝም ገደል ከሚባለው ጥልቅ ገደል ገብቷል። ማን ሳበው? እንግዲህ ማን ይናገር!

በዝም ገደል ጉማይ የሚባል አውሬ ይኖራል። ሥጋ የለውም፤ ጉም ነው። በምታውቀው ሰው ድምፅ ይጠራሃል፣ ስትከተለው መንገድ ታጣለህ። ከእርሱ የሚያድነው ደወሉ ብቻ ነበር፤ በጉም የጠፋ ሁሉ ያን ድምፅ ተከትሎ ቤቱ ይገባል። ደወሉ በጠፋ ማግስት፣ ተምኔት የምትባል የመንደሩ ልጃገረድ እናቷ ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወረደችባት። አልተመለሰችም።

የሰንደራ ንግሥት ለመንደሮች ችግር መላ አዋቂዎቿን በየዓመቱ ትልካለች፤ ቸር ናት፣ አይካድም። አንድ ጊዜ ነፋስ ሲገባበት የሚያፏጭ ማሰሮ አመጡ፤ ጉም ሲመጣ ነፋስ እንደማይኖር ማን ይንገራቸው? ሌላ ጊዜ የሚያበራ ድንጋይ ተከሉ፤ ድንጋዩ ለራሱም አልበራ። ከዚያ ወዲህ የአፋፊት ሰው «መላ» የሚል ቃል ሲሰማ በሩን ይዘጋል። እኔም ብሆን እዘጋ ነበር።

ስለዚህ ተምኔት በሸንጎው መካከል ቆማ «መላ አለኝ» ስትል ሰው ሁሉ ፊቱን አጠቆረ።

«የአፋፊት ሰዎች ሆይ! ገመዳችሁን ስጡኝ። ከየቤቱ ገመድ አንድ ረጅም ገመድ እንቀጥል። እኔና ጓደኛዬ ላቀው በእርሱ ወደ ዝም ገደል ወርደን ደወሉን እናስራለን፤ እናንተ ትስባላችሁ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ገመድ ከደጅ ደጅ እስከ ምንጩ እንዘረጋዋለን፤ በጉም የሚሄድ ሁሉ እርሱን ይዞ ይሄዳል። በእናቴ ስም እምላለሁ፤ ደወሉን ሳልይዝ አልመለስም!»

«በደጄ የሚያልፍ ገመድ?» አለች ወይዘሮ ትጓደድ፣ የወፍጮው ባለቤት። «ማን ወጣ ማን ገባ ልትሰልሉን ነው?»

«ለመሆኑ ደወሉን የሳበው ሰው ዛሬም እዚሁ ተቀምጦ የለም?» አለ ሌላው። «ነገ የሷን ገመድ ቢስብስ?»

ያኔ አያ ጓንጉል ተነሡ። ልጅም ሚስትም የሌላቸው፣ የገዛ ጥላቸውን ዞር ብለው የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጀርባቸው «አባ ጠርጥር» ነው የሚባሉት። ሰው ሁሉ ሲቃወሙ ሊሰማ ጆሮውን አቆመ።

«የኔን ገመድ ውሰጂ፣ ልጄ» አሉ።

ወይ ጉድ! አባ ጠርጥር ከሰጡ ማን ይቀራል? ሁሉም ሰጠ። ሁሉም ግን በየራሱ ቋጠሮ ቀጠለ፤ ሁሉም የጭራውን ጫፍ በጁ ጨብጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰለፈ። ተምኔት ይህን አየች። ቢሆንም የደወሉን መዶሻ በመቀነቷ ሻጥ አድርጋ ወረደች።

ላቀው ቀልደኛ ነው። «ከወደቅን ወይዘሮ ትጓደድ መጀመሪያ ገመዷን ነው የምትፈልገው» አላት። ሳቀችና ቃል አስገባችው፤ «ታች ስንደርስ ድምፄን አትመን፤ እኔም ያንተን አላምንም። ገመዱን ስትነቀንቀው ብቻ ነው የማምንህ።»

ጉሙ ዋጣቸው። ወዲያው የላቀው ድምፅ ከጎኗ «ተምኔት፣ ገመዱ ሊበጠስ ነው፤ ልቀቂው!» አላት። ገመዱ አልተነቃነቀም፤ አልለቀቀችም። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ እዚህ ነኝ፣ በዚህ በኩል ነይ።» አለቀሰች፤ እያለቀሰች ገመዱን አጥብቃ ይዛ ወረደች። ደወሉን ጭቃ ውስጥ አገኙት፤ ጉማይ እንደ ነጭ ጥጥ ተከምሮበት ነበር። ደወሉን አስረው ላዩ ላይ ወጡ፤ ገመዱንም ነቀነቁ። ከላይ መሳብ ተጀመረ።

ጉማይ ያኔ ወደ አፋፉ ወጣ። በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ በጎረቤቱ ድምፅ ሹክ አለ፦ «ጎረቤትህ ጭራውን ሊስብ ነው። ቅደመው።»

አያ ጓንጉል ጮኹ። «እንዳትሰሙት! እኔ ሰምቼዋለሁ! በዚያች ማለዳ በመስኮቴ መጥቶ ‹ደወሉን ሊሰርቁህ ነው› አለኝ፤ የሳብኩት እኔ ነኝ! ደወሉን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የዚችን ልጅ እናት ያስቀረኋት እኔ ነኝ!»

ሰው ሁሉ ክው አለ። ወይዘሮ ትጓደድ ግን በድንጋጤ እጇ ቀድሟት ነበር፤ ጭራው ተሳበ፣ ቋጠሮዋ ተፈታ።

ሽማግሌው በረው የተፈታውን ገመድ ሁለቱን ጫፎች ያዙ። የደወሉ ክብደት ወደ ገደሉ ጎተታቸው። እግራቸውን በምሰሶው አጣብቀው ገመዱን በወገባቸው ዙሪያ ጠመጠሙና ሁለቱን ጫፎች አጋጥመው ቋጠሩ፤ ጭራ ሳያስቀሩ። «ሳቡ!» አሉ። «እኔን አትዩ፤ ሳቡ!»

ሳቡ። እያንዳንዱ የያዘውን ጭራ ጥሎ በሁለት እጁ ሳበ። ተምኔት ከላቀው ጋር ብቅ ስትል መዶሻዋን አነሣችና ደወሉን መታችው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጉማይ ተበጣጥሶ እንደ ጭስ በነነ። ደጋግማ መታች። ከታች፣ ከምንጩ በኩል፣ ደካማ ድምፅ «መጣሁ!» አለ። ማንም አላመነም። እናቷ ራሷ እንስራዋን አዝላ ከጉሙ ስትወጣ ነው ያመኑት።

ተምኔት ምሥራቹን ልትነግራቸው ወደ አያ ጓንጉል ሮጠች። ገመዱ ወገባቸውን ቆርጦት ነበር። እጃቸው ግን አልለቀቀም።

በማግስቱ ቀበሯቸው። ገመዱም ከደጅ ደጅ እስከ ምንጩ ተዘረጋ፤ የእርሳቸው ቋጠሮ መካከሉ ላይ አለ፣ እስከ ዛሬ ሊፈታው የቻለ የለም፤ የሞከረም የለም።

በዓመቱ የንግሥቲቱ መላ አዋቂዎች መጡ፤ የተምኔትን መላ ወደ ሌሎች መንደሮች ሊወስዱት ፈለጉ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው በጥርጣሬ አዩአቸው፤ ይህ ገና አልለቀቃቸውም። አንዱ መላ አዋቂ ገመዱን እየዳሰሰ ሄደና ግራ ገባው።

«የአፋፊት ቋጠሮ ጭራ አለው ሲባል ሰምቼ ነበር። የዚህ ሁሉ ጭራ የት ሄደ?»

ወይዘሮ ትጓደድ ቀና ብላ ሳታየው መለሰች።

«ቆርጠን ቀበርነው፤ ከአያ ጓንጉል ጋር። መጀመሪያ የገባው የኔ ነው።»