ከሦስቱ ሕመም አንዱ

ፎርማኑ በክር መጋዘኑ ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ የወደቀበት ከባድ የክር ጆንያ ገና አልተነሣለትም። ያለቀሰለት አልነበረም፤ የሚያለቅስለትም ሰው አላበጀም።

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን በር ላይ ተቀበላት።

«ገዳዩ ጫኙ ነው። ትናንት ‹ወገቤን ሰብረኸዋል፣ አንገትህን እሰብረዋለሁ› ሲለው ፋብሪካው በሙሉ ሰምቷል። ይታሰርና ወደ ሥራችን እንመለስ።»

«ሬሳው ሳይነሣ ሥራ ናፈቀዎት?»

ምላሷ ስለት ነው። አንጋጣ መደርደሪያውን አየች። ጆንያው የተሳበው ከላይኛው ረድፍ ነው፤ መሰላል የለም። እዚያ የሚደርሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጆቹን ከራሱ በላይ የዘረጋ ሰው ብቻ ነው። በሰዓቱ መጋዘን የነበሩት ደግሞ ሦስት ናቸው።

ጫኙ ጎብጦ ቀረበ። «ዝቻለሁ፣ አልክድም። ቀላል ሥራ ስጠኝ ብዬ ብለምነው ‹ቦታ የለም› አለኝ። እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

ክር አሻጊዋ የእጅ አንጓዋን በጨርቅ ጠቅልላለች። «እኔ ኩባያ መጨበጥ እንኳ ያቅተኛል። እጠላው ነበር፤ ይጻፉት!»

«ዛሬ ምን ሲል ሰማሽው?»

«የመጋዘኑን ሥራ ሰው እቀይርበታለሁ ሲል።»

መጋዘን ጠባቂው ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ያቃስታል። «ትከሻዬ ደርቋል፣ እትዬ። ከደረቴ በላይ አይወጣም። ከጭነት ያዛወሩኝም ለዚሁ ነው።»

«ጋውናችሁን አውልቁ፤ ይመረመራል» አለች።

ጫኙ ግድግዳ ተደግፎ ታገለ። አሻጊዋ ቁልፉን በጥርሷ ፈታች። መጋዘን ጠባቂው ቀኝ እጁን ላፍ አድርጎ አወጣ፣ ግራውን አስከተለ፣ ከዚያ ማቃሰቱን ቀጠለ።

መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን አስጠራችና ሁሉንም በአንድ አቆመቻቸው።

«ይህን የሠራው ጤነኛ ነው። እዚህ ግን ሁሉም በሽተኛ ነኝ ባይ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ሕመም አንዱ ውሸት ነው። ይህ ጎባጣ ላይኛው ረድፍ አይደርስም። ይህች ጆንያ አትጨብጥም። ትከሻው የታመመ ሰው ደግሞ ልብስ ሲያወልቅ ደህናውን እጅ ያስቀድማል፤ በሽተኛውን በመጨረሻ ቀስ ብሎ ያወጣዋል።» ወደ መጋዘን ጠባቂው ዞረች። «አንተ በሽተኛውን አስቀደምክ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ፎርማኑም ነቅቶብህ ዛሬ ወደ ሸክም ሊመልስህ ነበር።»

ሰውዬው የደገፈውን ክንድ ለቀቀው።

«እውነት ያመኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ስንት ሌሊት እያለቀስኩ አድሬአለሁ! ሲሻለኝ ለማን ልንገር? መልሰው እንዲሰብሩኝ?»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገቡ። ካቴና አስገቡለትና ወሰዱት።

ጫኙ ነጻ ወጣ፤ እፎይ ግን አላለም። «ጌታዬ፣ እንግዲህ የመጋዘኑ ሥራ...» ሲል ጀመረ።

«እኔ እቀድማለሁ!» አሻጊዋ ጮኸችበት። «ካንተ በፊት ነው የጠየቅሁት!»

«አንቺ ቁጭ ብለሽ አይደል የምትሠሪው!»

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች ገረመማቸው።

«እስቲ» አለ፣ «የማንኛችሁ ሕመም እንደሚብስ አሳዩኝ።»