ለአንድ ሰው ብቻ የሚታይ አንቀጽ

ሁለቱ ሰዎች ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ።

ሳያት ቀና አላለችም። ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀምጣለች። ኮልፌ ውስጥ ለመደበቅ ከለቅሶ ቤት የተሻለ ቦታ አይገኝም። የማን ዘመድ ነሽ ብሎ የሚያፋጥጥ የለም። ቦታ ይለቁልሻል፣ ውሃ ይሰጡሻል፣ ከዚያ ይተዉሻል።

የሟቿ ወንድም አቶ ፀሐዬ እንግዶቹን ሊቀበሉ ከወንበራቸው ተነሡ። አንደኛው ሰውዬ ዓይኑን ሴቶቹ ላይ አንከራተተ። ሌላኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ነፍስ ይማር» አለ።

ድንኳኑ ጭጭ አለ።

ሟቿ እማማ ሙሉወርቅ ጴንጤ ነበሩ። ልጆቻቸው ከጠዋት ጀምሮ ሲዘምሩ ነው የዋሉት። በዚህ ቤት ለሞተ ሰው ነፍስ ምሕረት አይለመንም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻቸው እንኳ ይህን ስለሚያውቁ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ነው የሚቀመጡት። ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይገባም።

አቶ ፀሐዬ ጨዋ ናቸው፤ እንዳልሰማ ሆነው ወንበር አሳዩ። ሰዎቹ ግን አልተቀመጡም። ፀጋ የምትባል ልጅ ከቤቴል መጥታ እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ። አቶ ፀሐዬ በዚህ ስም የሚያውቁት ሰው እንደሌለ ነገሯቸው። ወጡ። ሩቅ ግን አልሄዱም፤ ከብረታ ብረት ቤቱ ፊት ለፊት የቆመች መኪና ተደግፈው በሩን ያዩ ጀመር።

የሳያት ስልክ ነጠላዋ ውስጥ ነዘረ። ወዬሳ ነው፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ በዚህ ሥራ የምታምነው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ጦር ኃይሎች አስቀምጣው ነበር።

«ተሳፋሪ የለም» ይላል መልእክቱ።

እዚያ ማንም አልመጣም ማለት ነው። ጦር ኃይሎች እንዲመጡ በልቧ ስትለምን ነበር።

ሳያት የሚለው ስም ቤቴል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ስም ነው። በላካት የምርመራ መሥሪያ ቤት «ስንደዶ» ትባላለች። ቤቴል የሚገኝ አንድ የጥናት ድርጅት ውስጥ ሪፖርት አዘጋጅ መስላ ገብታለች። ድርጅቱ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ሠራተኞችን ይጠይቅና ለየኃላፊው የየራሱን ሪፖርት ይልካል። የእሷ ሥራ ሪፖርቱ ለማን ምን እንደሚያሳይ መወሰን ነው። የሠራተኞቹ መልስ ጥሩ ከሆነ ምስጋናው ይታይ፤ ያለዚያ ምክሩ። ተቀባዩ እገሌ ከሆነ ይህ አንቀጽ ይታይ፤ ያለዚያ ያኛው። ሪፖርቱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሲከፍተው ግን የራሱን መልክ ያሳየዋል። አንባቢው ደግሞ ያየው ሁሉም የሚያየውን ይመስለዋል።

ወደዚያ የተላከችው አንድ ጠቋሚ ለማግኘት ነበር። ገብረማርያም የሚባል የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ፣ ጊዜው ያለፈበት ኢንሱሊን ቀኑ እየተፋቀ እንደሚሸጥ ለጠያቂዎቹ ተናገረ። ስሙ እንደሚደበቅ ቃል ተገብቶለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ መንጋጋውን ሰበሩት። መድኃኒቱን የሚያስመጣው ወልደሰንበት የሚባል ነጋዴ ነው፤ አንድ ሰው የተናጋሪዎቹን ማንነት ያቀብለዋል። ቀጥላ የተናገረችው ፀጋ ናት። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርባ ትመሰክራለች፤ እስከዚያ ካላገኟት።

የሳያት አለቃ ጋሽ መዝገቡ ናቸው፤ የምስጢር ስማቸው «አናጺ»። ጠቋሚው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቀዳማዊ ነው ብለው ነው ያስገቧት። ለወራት ተከታተለችው። ቀዳማዊ በማተሚያ ወረቀት ይጨቃጨቃል፣ ልጆቹን ለማምጣት ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ሌላ ነገር የለውም። አናጺ ግን በጠየቀቻቸው ቁጥር እሱ ነው ይሏታል። እንዲህ ያለ ጥርጥር የሌለበት ሰው አይታ አታውቅም። መጠርጠር የጀመረችው ያኔ ነው።

ከቀዳማዊ ሌላ ሪፖርቷን የሚያነበው ማነው ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱን ስታገኝ እንቅልፍ አጣች።

ስለዚህ አንድ አንቀጽ ጻፈች። ፀጋ ለተጨማሪ ቃለ መጠይቅ አርብ ከሰዓት የት እንደምትገኝ የሚናገር አንቀጽ ነው። ተቀባዩ ቀዳማዊ ከሆነ፣ ጦር ኃይሎች ታክሲ ፌርማታው ጋ። ያለዚያ፣ ኮልፌ፣ የእማማ ሙሉወርቅ ለቅሶ ላይ። ሪፖርቱን ለቀዳማዊ ሰጠችው። ቅጂውን እንደ ሁልጊዜው ለአናጺ ላከች። አናጺ የወረቀት ዘመን ሰው ናቸው፤ ቅጂ ምንጊዜም ከዋናው አይለይም ብለው ያምናሉ። ፀጋ ራሷ ከሁለቱም ቦታ የለችም፤ ያለችበትን የሚያውቁት ሳያትና ወዬሳ ብቻ ናቸው።

የሰው ለቅሶ ወጥመድ ማድረጓ አሳፍሯታል። እዚህ ማንም አይመጣም ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር።

መጡ።

ከድንኳኑ ጀርባ ወጥታ ደወለች።

«ጋሼ፣ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ኮልፌ ለቅሶው ላይ ነኝ።»

«ልጅቷስ?»

«ቅርብ ናት።»

«ንቅንቅ እንዳትዪ። መጣሁ።»

ስልኩን እንደዘጋች በአውራ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። የምትጽፈውን ማየት ያለባቸው ሰው ወይዘሮ ማኑሄ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ቁጥጥር ኃላፊ። ችግሩ እንደ እሷ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ለማኑሄ በቀጥታ መላክ አለመቻሉ ነው። ሁሉም ነገር በአለቃው በኩል ነው የሚያልፈው። የእሷ አለቃ አናጺ ናቸው።

ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ፤ በትክክል፣ ልክ እንደ ሰፈሩ ሰው። ቤት ከመግባትሽ በፊት የቤቱን ሰላምታ እወቂ ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሰዎቻቸውን ማስተማር ረስተዋል። አጠገቧ ተቀመጡ፤ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። እናቷ የሞተች ጊዜ እኚህ ሰው ከዘመድ ጋር ቆመው ለቀስተኛ ሲቀበሉ ነበር። ለቅጽበት ሁሉም ነገር ስህተት በሆነ ብላ ተመኘች።

«ልጅቷን እኔ ልውሰዳት» አሉ። «ውጪ ያሉት ሰዎች አላማሩኝም።»

«እወስድዎታለሁ። መጀመሪያ ሪፖርቴን ያስተላልፉልኝ፤ ስልክዎ ላይ ልኬዋለሁ፣ የመጨረሻዬ ነው። ለወይዘሮ ማኑሄ።»

የካፖርታቸውን ኪስ ዳበሱ።

መነጽራቸውን አወጡ። ስልካቸውን ከፍተው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ሳያት የሚያዩትን ታውቃለች፤ የመላሾቹ ብዛት፣ የክሊኒኮቹ ሁኔታ፣ በቀዳማዊ ላይ ያለው ጥርጣሬ እንደጸና። ልክ የሚፈልጉት ነው።

«ጎበዝ» አሉና በገዛ ጣታቸው ላኩት።

ተቀባይዋ ማኑሄ ከሆኑ የሚታየው አንቀጽ አጭር ነው፦ «ጠቋሚው አናጺ ነው። አሁን ኮልፌ፣ የእማማ ሙሉወርቅ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ውጪ ሁለት ሰዎች አሉት። ይህንን የላከልዎትም እሱ ነው።»

«ተነሺ» አሉ።

«የጀመሩት ጸሎት ይለቅ። መሀል ላይ መነሳት ነውር ነው።»

የጴንጤ ጸሎት ደግሞ ቶሎ አያልቅም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። አናጺ ሰዓታቸውን አዩ። በሩን አዩ። እሷን አዩ።

«እስኪ ያንን ሪፖርት አንቺ ስልክ ላይ አሳዪኝ።»

«ባትሪ ጨርሷል።»

ከነጠላዋ ሥር የእጇን አንጓ ጨመደዱት።

«የሺ» አሉ። እናቷ ያወጣችላትን ስም ነው የጠሩት፤ የሚያውቀው ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። «ምን አደረግሽ?»

«የላኩኝን። ጠቋሚውን አገኘሁ።»

እጃቸው ላላ፤ አልለቀቀም ግን። «ሰኞ እስኪያልፍ ልንይዛት ብቻ ነበር። ማንም አይነካትም ነበር።»

«ለገብረማርያምም እንደዚህ ነው ያሉት?»

ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ።

ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ገቡ። ቤተሰቡን እንደ ወጉ አጽናንተው ከአናጺ ጀርባ ተቀመጡ። ውጪ መኪናዋ እንደቆመች ነው፤ የተደገፏት ሰዎች ግን የሉም። አናጺ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ አነበቡት። እጇን ለቀቁ፣ ተነሡ፣ ለአቶ ፀሐዬ ጎንበስ አሉ። ሦስቱ የማኑሄ ሰዎችም ተከትለዋቸው ተነሡ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ።

«የሺእመቤት።»

አልዞረችም። እጇ ላይ የጣታቸው ምልክት ነበር፤ በሌላኛው እጇ ሸፈነችው።

ከማኑሄ መልእክት የመጣው ታክሲ ከመያዟ በፊት ነው። ስንደዶ ተዘግታለች፤ ሳያት ወደ ቤቴል አትመለስም። ፀጋን ሰኞ ፍርድ ቤት የሚያደርሳት ወዬሳ ነው። ሳያት ልትሰናበታት አይፈቀድላትም። ስልኩን ሰብራ ቱቦ ውስጥ ጣለችው።

ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ዘንቢል የያዙ እናት አጠገቧ ተቀመጡ። ጥቁር ነጠላዋን አዩ፣ ፊቷን አዩ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

መዋሸት ሥራዋ ነው። አፏ ላይ የመጣላት ግን ውሸት አልነበረም።

«አባቴ» አለች።

«እኔን። ነፍስ ይማር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሴትየዋ ፌርማታው እስኪደርስ ጉልበቷን እየዳበሱ ቆዩ፤ ስሟን ግን አልጠየቋትም። ወረደችና ታክሲ የሚጠብቀው ሰው መሀል ገባች።