ያልመጣው ትኩሳት

አናጢው እግሩን ሚስማር በወጋው በሳምንቱ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ፣ ከቁስሉ የገባ ኢንፌክሽን ደሙን መርዞታል አለ። እናትየው ግን ጣታቸውን ምራታቸው ላይ ቀሰሩ፦ «ሐኪም ቤት ሳትወስድ ልጄን ገደለችው!» ሚስትየው ለመታሰር ትንሽ ነው የቀራት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለማ! ዛሬ ግን መቀመጥ አቅቷት በሟቹ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ለምን አልወሰድሽውም?»

«አላተኮሰውማ! እግሩም አላበጠ። ወንድሙ በስልክ ‹እስኪያተኩሰው ጠብቂ› አለኝ። ለጉልበቱ ቁርጥማት ክኒን የሚያመጣለት እሱ ነው። ቁርጥማቱ ተሻለው፤ ከሚስማሩ በፊት ግን ትንሽ ጭረት እንኳ አልድን ሲለው ‹ላልተፈቀደ መድኃኒት መሞከሪያ አደረገኝ፣ ለአለቆቹ እናገራለሁ› ብሎ ተጣልተው ነበር።»

እዚያው የነበረው የመድኃኒት ተመራማሪ ወንድሙ ተቆጣ። «ዓይን ያወጣ ውሸት! ማን ደወለልኝ?»

መርፌ እናትየውን ለብቻቸው ጠየቀች።

«ኧረ ደውላለች፤ ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጄ ጠብቂ ቢል ምን አጠፋ?»

መርፌ ወደ ወንድምየው ቤተ ሙከራ ከነፈች። የመሞከሪያ አይጦቹ ክፍል ውስጥ ሚዛን እንጂ ቴርሞሜትር የለም።

«መታመማቸውን በምን ታውቃላችሁ?» ስትል የቤተ ሙከራውን ቴክኒሻን ጠየቀች።

«በክብደታቸው ነዋ!» አለች ቴክኒሻኗ። «ይህን የቁርጥማት መድኃኒት የወሰደ አይጥ አያተኩሰውም። ‹ትኩሳትን እንዳታምኑ› ያለን አለቃችን ራሱ ነው።»

መርፌ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«ጀርም ሲገባ የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱ ከሴሉ ቆዳ እስከ እምብርቱ በቅብብል ይሄዳል፤ ሲደርስ እብጠቱም ትኩሳቱም ይነሣል። አናጢው ላይ መልእክቱ ጀርም በሌለበት እየተላከ ጉልበቱን ያቃጥለው ነበር። ክኒኑ ቅብብሉን ቆረጠው፤ ጉልበቱ ዳነ። እውነተኛ ጀርም ሲገባ ግን የሚጮህለት ጠፋ። አንተ ይህን ታውቃለህ። ለአይጦችህ ያላመንከውን ትኩሳት ወንድምህን አስጠበቅከው፤ አፉ እንዲዘጋልህ!»

«ስልክ አልተደወለልኝም አልኩሽ እኮ!»

መርፌ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እናቴ፣ ሰምተዋል አይደል?»

«እማ፣ አልሰማሁም በያቸው!»

እናትየው አንድ የቀራቸውን ልጅ አዩት።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ፖሊሶች ወንድምየውን ሲወስዱት እናትየው ምራታቸው እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። እሷ ግን ቀድማ አቀፈቻቸው።

«እማማ፣ ይተዉ» አለች እያለቀሰች። «እኔም እኮ ግንባሩን ዳስሼ ባልሞቀኝ ቁጥር ተመስገን እል ነበር።»