ሮማኑና ያልተነኩት ክኒኖች

ክኒኖቹ ዛሬም አሥራ ሁለት ናቸው። ትናንት አሥራ ሁለት፣ ከትናንት ወዲያም አሥራ ሁለት። መርማሪ ማሸጊያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ እንደገና ቆጠረች። ቤተሰቡ ይህን ስም ያወጣላት በከንቱ አይደለም፤ በእሷ ፊት ዝንብ እንኳ «ከየት መጣሽ?» ሳትባል አታልፍም። እናቷ ግን ዛሬ ጠዋት «ክኒንሽን ዋጥሽ?» ስትባል ዓይኗን ከስፌት መኪናው ሳትነቅል «ዋጥኩ እኮ!» ብላለች።

እናቷ ባለፈው ዓመት በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። በሽታው እንዳይመለስ በየቀኑ አንድ ክኒን፣ ያውም ለአምስት ዓመት እንድትወስድ ሐኪሙ አዘውላታል። ታዲያ ምን ነካት?

መርማሪ የጠረጠረችው አክስቷን ነው። ጭማቂ ቤት ያላት ይህች አክስት ከሁለት ሳምንት ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ጠርሙስ የሮማን ጭማቂ ይዛ ከች ትላለች። እህትማማቾቹ ይንሾካሾካሉ፤ መርማሪ ብቅ ስትል ወሬው ስለ አየሩ ይሆናል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለች በሆዷ። «እማዬን በጭማቂ ደልላ መድኃኒቷን አስጥላታለች!»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጭማቂ ቤቱ ገባች። አክስቷ ጣቶቿ ቀልተው ሮማን ትፈለፍላለች።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ማንጎ ልጭመቅልሽ?»

«አልፈልግም። እማዬን ክኒኑን ተዪው ያልሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ምላሴን ይቁረጠው! ትታዋለች እንዴ?» አክስቷ ሮማኑን ጣለችው። መርማሪ ፊቷን አተኩራ አየችው፤ የውሸት ድንጋጤ አይመስልም።

«ታዲያ ሮማኑስ? መንሾካሾኩስ?»

«‹ክኒኑ መገጣጠሚያዬን እያሳመመኝ መርፌ መያዝ አቃተኝ› ትለኛለች። አንቺ እንዳትጨነቂ ነው የምንንሾካሾከው። ሮማኑን ደግሞ ራሷ ናት አምጪልኝ ያለችኝ። ‹ልጄ አጥንታ ደርሳበታለች፤ በሮማን ውስጥ ያለው ነገር የካንሰር ሕዋስ ይገድላል› አለችኝ። ወረቀቱን እኮ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሰው ሁሉ ነው የምታሳየው። አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

መርማሪ ክው አለች። የጻፈችውማ እሷ ናት። ለባዮሎጂ ፕሬዘንቴሽን ከኢንተርኔት ያገኘችው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ይህ የታየው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሳህን ላይ ባደጉ ሕዋሳት ነው፤ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም፤ ሕክምናንም አይተካም» የምትል። እሷን ስትጨምርበት ነገሩ ሁሉ ቀዘቀዘባት። ስለዚህ ዘለለቻት። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ጓደኞቿም «አንቺ፣ ቀወጥሽው እኮ!» አሏት። ማታውኑ ወረቀቱን ለእናቷ አንብባ ስትሰጣት እናቷ አቅፋ ሳመቻት። ያኔ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ለአክስቷ ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ የጣለችውን ሮማን አነሣች።

«በቃ፣ ኢንተርኔቱ ነው የዋሸኝ በያት» አለች። «ኢንተርኔት እንደሆነ ተሰደብኩ ብሎ አይከስሽ! ብቻ ዛሬውኑ ንገሪያትና ክኒኗን ትጀምር።»

ምክሩ የሚናቅ አልነበረም። መርማሪ መንገዱን ሙሉ ስታላምጠው መጣች። እናቷ ክኒኑን ትጀምራለች፤ እሷም ጎበዝ ልጅ እንደሆነች ትቀራለች። ማን ይጎዳል?

እናቷ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። «መጣሽ፣ የኔ ሐኪም?» አለቻት።

የኔ ሐኪም! መርማሪ በመንገድ ያዘጋጀችውን ተወችው።

«እማዬ፣ ክኒኑን እንደተውሽው አውቃለሁ» አለች። «የተውሽው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው። ጽሑፉ ላይ ሮማኑ በሰው ላይ አልተረጋገጠም ይል ነበር። ሳህን ላይ ባለ ሕዋስ ብቻ ነው የታየው። መድኃኒትም አይተካም ይላል። አይቼዋለሁ፤ እንዲጨበጨብልኝ ብዬ ቆረጥኩት።»

የእናቷ እግር ከፔዳሉ ላይ ተነሣ።

«አይተሽው?»

«አይቼው።»

እናቷ አልጮኸችም፤ ብትጮህባት በተሻላት ነበር። የታመሙ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸች። «እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ክኒኑን የምተውበት ምክንያት አገኘሁ ብዬ፤ ያውም ከልጄ።» ከዚያም ቀና ብላ አየቻት፤ መርማሪ ራሷ ሰው ስትጠረጥር በምታይበት ዓይን። «ሌላስ የቆረጥሽው አለ?»

«የለም።»

እናቷ አመንኩሽ አላለቻትም።

«ለሐኪሙ እንደውልላቸው» አለች መርማሪ። «ክኒኑ መገጣጠሚያሽን እንደሚያሳምምሽም እንንገራቸው። ምናልባት መላ አይጠፋለትም።»

«ደውዪ። ግን ድምፁን ክፈቺው፤ የሚሉትን እኔው ራሴ ልስማ።»

መርማሪ ፊቷ ጋለ። ቢሆንም አልተከራከረችም። ድምፁን ከፈተችና ስልኩን ከራሷ አርቃ፣ ከእናቷ ክንድ አጠገብ አስቀመጠችው።